በሰው መኪና ድንበር መሻገር

ሞያሌን ለሁለት የከፈለው መስመርና የመጀመሪያው አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በአንድ ዓመት ነው። ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የደቡቡን ወሰን ውል የተዋዋሉት ኅዳር 26 ቀን 1900 ዓ.ም. ነበር፤ ቤዲ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ደግሞ ሲድሊ የተሰኘችውን አውቶሞቢሉን ከጅቡቲ አንሥቶ፣ በረሃውንና ዳገቱን ታግሎ፣ አዲስ አበባ ያደረሳት በዚያው ዓመት ነው። ውሉ በወረቀት ላይ፣ አውቶሞቢሏ በአቧራ ላይ ነበሩና ሁለቱ ፊት ለፊት እስኪገናኙ ብዙ ዘመን ፈጀባቸው። ሲገናኙም አልተስማሙም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ አለመስማማት ነው፤ በተለይም ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ናይሮቢ ላይ ከዓለም አቀፍ ድርጅት መኪና ተከራይቶ እስከ ሞያሌ ከነዳ በኋላ፣ የሞተሩን ቁልፍ በእጁ እንደ ያዘ፣ ኬላው ላይ ስለምን እንደሚቆም ነው።

ነገሩ ለሞያሌ ሰው የሽርሽር ጥያቄ አይደለም። ልጆቻችን በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በደቡብ አፍሪካ ተበትነዋል። ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ሲመጡ ብዙዎቹ ናይሮቢ ይወርዱና፣ ጊዜ ስለሚያጥራቸው፣ እዚያው አየር ጣቢያው ላይ መኪና ይከራያሉ። 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው ይደርሳሉ። የአባት ቤት ከዚህኛው ወገን፣ የአያት ቤት ከዚያኛው ወገን ነው፤ በመካከሉ ያለችው ሸለቆ ደግሞ ድምፅ የማያግድባት ጠባብ ቦታ ናት። ድንኳኑ ከወዲህ ሆኖ ይታያል። መኪናው ግን አይሄድም። ዘመድ ይህን ሲሰማ «በገዛ ገንዘቡ የተከራየውን?» ብሎ ይገረማል፤ ጥቂቱም ልጁ ንቆን ቀረ ብሎ ይቀየማል።

ከሰው ላይ መጓጓዣ ተከራይቶ አገር ማቋረጥ በዚህ ምድር እንግዳ ነገር ሆኖ አይደለም። የጥንቱ የሲራራ ነጋዴ የጭነት በቅሎ ወይም ግመል ሲከራይ ግን እንስሳው ብቻውን አይመጣም ነበር። ባለቤቱ ወይም የባለቤቱ ሎሌ አብሮ ይጓዛል፤ ቢታመም የሚያክመው፣ ቢጠፋ የሚፈልገው፣ ቢደክም ጭነቱን አውርዶ የሚያሳርፈው ራሱ ነው። ተከራዩ የሚከፍለው የመንገዱን ዋጋ እንጂ የእንስሳውን ዕጣ አይሸከምም። ኬላ የምንለው ቃልም የዚያ ዘመን ትራፊ ነው፤ ነጋዴው ቀረጥ የሚከፍልበት በር ማለት ነበር። (የነጋድራስነት ማዕረግ መጀመሪያ የሲራራ ነጋዴዎች አለቃ መጠሪያ ሆኖ ሳለ፣ ኋላ የቀረጥ ሰብሳቢዎች ሹም መጠሪያ መሆኑን ልብ ይሏል። መንገደኛውንና መንገደኛውን የሚያቆመውን በአንድ ስም መጥራት የቻለ አገር ከእኛ ሌላ መኖሩን እጠራጠራለሁ።)

ወሰኑን ራሱን የቀየሱትም በኪራይና በግዥ እንስሳት የመጡ ሰዎች ናቸው። አርኪባልድ በተር የተባለው ባለጸጋ በገዛ ወጪው እ.ኤ.አ. በ1902 እና 1903 ባደራጀው ጉዞ ላይ ካፒቴን ፊሊፕ ሞድ የተባለው የጦር መሐንዲስ አገሩን ቃኝቶ መስመር አሰመረ፤ የ1900ው ውል በዋነኛነት የተመሠረተው በእርሱ መስመር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ደግሞ ፊሊፕ ዛፊሮ የተባለ ግሪካዊ በእንግሊዞች የድንበር ተቆጣጣሪነት ተሹሞ በጥቂት ሰዎች ይህን ሁሉ ምድር እንዲጠብቅ ተላከ። በዚያ ውል ውስጥ ዛሬም ቢሆን የሚያስደንቅ አንድ አንቀጽ አለ። መስመሩ የቦረናን መሬት ቆርጦ ማለፉ ስለታወቀ፣ በሁለቱም ወገን የሚኖሩ ጎሣዎች እንደ ቀድሞው በማዶው ግጦሽ እንዲጠቀሙ፣ ወደ ውኃ ጉድጓዶቹም ያለ ክልከላ እንዲደርሱ ተፈቅዷል፤ ሲሻገሩ ግን ለገቡበት አገር ባለሥልጣን ይታዘዛሉ። ከብቱ የመሻገር መብቱን በወረቀት ያገኘው ገና ድንበሩ ሲወለድ ነው። ለመንኰራኩር ግን ማንም አላሰበለትም፤ በጊዜው በዚህ ወገን የሚሽከረከር ነገር አልነበረምና።

መኪና ወደ ሰሜን ኬንያ መውጣት በጀመረበት ዘመንም መንገዱ ለማንም ሰው ክፍት አልነበረም። የቅኝ ገዥው መንግሥት የሰሜኑን የድንበር አውራጃ እ.ኤ.አ. በ1926 ዝግ አውራጃ አድርጎት ስለነበር ያለ ፈቃድ መግባትም መውጣትም ክልክል ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው ሕግ ደግሞ ቁጥጥሩን አጠበቀው። ከኢሲዮሎ በላይ መኪና ማየት የመንግሥት ሰው መጣ ማለት ነበር። የጎማውን ዱካ ያበዛው ጦርነት ነው። ኢጣሊያኖች በሐምሌ 1932 ዓ.ም. ሞያሌን ከእንግሊዞች ነጠቁ፤ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች በሜጋ በኩል ተዋግተው መለሷት። በእነዚያ ወራት የጦር ካሚዮኖች የቦረናን በረሃ ተመላለሱበት። እነዚያም ቢሆኑ በሰው መኪና ድንበር የተሻገሩ ናቸው፤ የኪራይ ውል ግን አልፈረሙም።

አሁን ወደ ሩቅ አገር ልሂድ፤ ምክንያቱም ችግሩ የተወለደው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ዋልተር ጄኮብስ የተባለ ወጣት በቺካጎ ከተማ ወደ አሥራ ሁለት የሚሆኑ የፎርድ መኪኖችን ይዞ የኪራይ ሥራ ጀመረ። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1923 ለጆን ኸርትዝ ሸጠው፤ ዛሬ በየአየር ጣቢያው የምናነበው ስም የዚያ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ዋረን ኤቪስ በዲትሮይት አጠገብ ባለ አውሮፕላን ማረፊያ ሱቁን ከፈተና የመኪና ኪራይ ከአየር ጉዞ ጋር ተጋባ። የእነዚህ ሰዎች ፈጠራ መኪናው አይደለም፤ መኪናውን ከባለቤቱ መለየታቸው ነው። ለማያውቁት ሰው ቁልፍ ሰጥቶ «ሂድ» ማለት ለሲራራ ነጋዴ ቢነገረው እብደት ይመስለው ነበር። እብደት እንዳይሆን ያደረገው ወረቀት ነው፤ ውሉ፣ መድኑ፣ መያዣው ገንዘብ፣ ኋላም የክሬዲት ካርዱ። ባለቤቱ ከበቅሎው ጎን መሄዱን ትቶ በወረቀት መልክ አብሮ መጓዝ ጀመረ።

ናይሮቢ ይህን ልማድ ቀድማ ተቀበለች። የአደን እንግዶች የሚመጡባት፣ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮም ስመ ጥሩው የሳፋሪ የመኪና ውድድር የሚካሄድባት ከተማ ስለነበረች መኪና ይዞ በረሃ መውጣት ነውር አልነበረም። በኢትዮጵያ ግን የቆየው የበቅሎው ሥርዓት ነው። አዲስ አበባ ላይ መኪና መከራየት ማለት በአብዛኛው መኪናን ከነሾፌሩ መያዝ ማለት ነው፤ ቃሉም «ኮንትራት» ነው። ኮንትራት የያዘ ሰው ከኋላ ይቀመጣል፤ ጎማ ቢፈነዳ ከዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ይጠብቃል፤ ትራፊክ ቢያስቆም መንጃ ፈቃድ የሚጠየቀው ሌላው ነው። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያዩ አሉ። እኔ አልስማማም። የመንገዱን ጠባይ የሚያውቀው ሰው አብሮ እንዲሄድ ማድረግ፣ በተለይ በደቡብ መንገድ፣ ከማንኛውም የመድን ፖሊሲ የሚሻል ዋስትና ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊተኰርበት የሚገባው ዓመት ግን 1956 ዓ.ም. ነው። ኬንያ ታኅሣሥ 2 ቀን 1956 ዓ.ም. ነፃነቷን አገኘች፤ ከእንግሊዞች በወረሰችው ልማድም በመንገዱ ግራ መንዳቷን ቀጠለች። እስከዚያ ድረስ ኢትዮጵያም በግራ ትነዳ ነበር። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ወደ ቀኝ ተሻገረች። ሁለቱ መንግሥታት እጅግ በተወዳጁበት፣ የጋራ መከላከያ ስምምነት ባደረጉበት ዘመን፣ መኪኖቻቸው ፊታቸውን አዞሩ። የሞያሌ ኬላ የገንዘብና የቋንቋ ወሰን መሆኑ ሳያንስ የግራና የቀኝ ወሰንም ሆነ።

ይህ ቀላል ነገር የሚመስለው ከኋላ ወንበር ለሚቀመጥ ሰው ነው። የኬንያ መኪና መሪው በቀኝ በኩል ነው። በኢትዮጵያ መንገድ ላይ፣ በቀኝ ጠርዝ እየነዱ፣ ፊት ለፊት ያለውን የጭነት መኪና ለመቅደም ሲፈለግ ሾፌሩ ከተሳቢው ጀርባ ሆኖ ምንም አያይም። ለማየት የመኪናውን ግማሽ አካል ወደ ተቃራኒው መስመር ማውጣት አለበት። ከጎኑ የሚቀመጥ ሰው «አሁን ሂድ» ወይም «ቆይ» እያለ ካልነገረው በቀር በግምት ይሄዳል። ከሞያሌ እስከ ሜጋ ሜዳው ክፍት ነውና ችግሩ አይጐላም፤ ከሐገረ ማርያም አልፎ ወደ ዲላ፣ ጠመዝማዛውና ጭጋጉ ሲጀምር፣ አህያውና የቡና ጭነቱ ሲበዛ፣ ያን ጊዜ የ1956ቱ ለውጥ ምን እንደ ሆነ ይገባል። ከውጭ የመጣ፣ መንገዱን የማያውቅ፣ በሦስት ቀን ደርሶ መመለስ ያለበት ሰው በዚያ ሁኔታ ሲነዳ ማሰብ የኪራይ ድርጅቱን ብቻ ሳይሆን እናቱንም ያስፈራል።

ከመንገዱ ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ኬላው ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «መኪናው የእርስዎ ነው?» የሚል ነው። በኢትዮጵያ በኩል ሊብሬ፣ በኬንያ በኩል ሎግቡክ የሚባለው የባለቤትነት ደብተር በተከራይ ስም አይደለም። ስለዚህ ባለቤቱ መኪናው ከአገር እንዲወጣ መፍቀዱን የሚያስረዳ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ የኪራይ ውሎች ደግሞ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ከአገር መውጣትን ይከለክላሉ። ይህች አንቀጽ በትናንሽ ፊደላት ተጽፋ ከገጹ ግርጌ ስለምትቀመጥ፣ ደክሞት ከአውሮፕላን የወረደ ሰው ሳያነባት ይፈርማል። የሚያነባት ሞያሌ ሲደርስ ነው።

ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የሚባለው ነገርም ብዙ ሰው ያስታል። መነሻው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1926 በፓሪስ፣ በ1949 በጄኔቫ፣ በ1968 ደግሞ በቪየና በተደረጉ ስምምነቶች መልክ ይዟል። ይህች ደብተር ግን የአገር ቤቱ ፈቃድ ትርጉም እንጂ ራሷን የቻለች ፈቃድ አይደለችም፤ ዋናው ካልቀረበ ብቻዋን አትነዳም። ስለ ሰውየው እንጂ ስለ መኪናውም አትናገርም። ስለ መኪናው የሚናገረው በየአገሩ የአውቶሞቢል ማኅበራት የሚሰጠው ካርኔ የተባለው የጉምሩክ ደብተር ነው፤ መኪናው በጊዜያዊነት ገብቶ ካልወጣ ቀረጡን እንከፍላለን የሚል ዋስትና ነው። ለዚህ ዋስትና ባለቤቱ ገንዘብ ያስይዛል። በኢትዮጵያ በመኪና ላይ የሚጣለው ቀረጥና ታክስ ለረጅም ዘመን ከባድ ሆኖ ስለ ኖረ፣ ናይሮቢ ላይ በመጠነኛ ዋጋ የተገዛ መኪና ድንበሩን ሲሻገር ዋጋው ያብጣል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ጠብቋል። የጉምሩክ ሠራተኛው የኪራይ መኪና ሲያይ እንግዳ አይታየውም፤ ሳይመለስ ሊቀር የሚችል ዕቃ ነው የሚታየው። በእርሱ ቦታ ሆኖ ለሚያስብ ሰው ጥርጣሬው መሠረት አለው።

ቢጫ ካርድ ቀጥሎ ይመጣል። በሞያሌ «ቢጫ ካርድ አለህ?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው የትኛውን ማለታችሁ ነው ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ የቢጫ ወባ ክትባት ወረቀትም ቢጫ ነውና። የመኪናው ቢጫ ካርድ የተወለደው አዲስ አበባ ላይ ነው። የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች በልዩ የንግድ ቀጣና ተሰባስበው በነበሩበት ጊዜ፣ በኅዳር 1979 ዓ.ም. የተፈረመው ስምምነት መሥራቹ ነው፤ ቀጣናው ኋላ ኮሜሳ ተብሎ ካርዱም በዚያ ስም ታወቀ። ሐሳቡ ግልጽ ነው። የኬንያ መኪና ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው ቢገጭ፣ ተጎጂው ናይሮቢ ድረስ ሄዶ መክሰስ ሳይኖርበት፣ በአገሩ ሕግና በአገሩ መድን ድርጅት በኩል ካሣውን ያገኛል።

ይህ ሥርዓት ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት የሁለቱን አገሮች ሕግ ማስተያየት በቂ ነው። በኬንያ የሦስተኛ ወገን መድን በቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ ግዴታ ነው። በኢትዮጵያ ተሽከርካሪን ሁሉ የሚያስገድደው አዋጅ የወጣው በ2000 ዓ.ም. በቁጥር 559 ሲሆን በ2005 ዓ.ም. በቁጥር 799 ተተክቷል። ከዚያ በፊት በድንበር ከተማ የተገጨ ሰው ዕድሉ የገጨው ሰው በጎነት ነበር። በሽምግልና፣ በጉማ፣ በከብት ቆጠራ የተፈታው ጉዳይ በፍርድ ቤት ከተፈታው ይልቅ መብዛቱ የሽማግሌዎቻችን ብልሃት ብቻ አይደለም፤ ሌላ መንገድ ስላልነበረም ነው።

ይሁንና ቢጫ ካርዱ የኪራይ ድርጅቱን አያሳምነውም። ካርዱ በሌላ ሰው ላይ ለደረሰ ጉዳት እንጂ መኪናው ራሱ ለደረሰበት ጉዳት አይከፍልም። መኪናው ያቤሎ አጠገብ ቢገለበጥ፣ ናይሮቢ ላይ የተገዛው ሙሉ መድን ከድንበሩ ወዲህ ቀርቷል። የሚጎትተው፣ የሚጠግነው፣ የሚመልሰው ማን ነው? ድርጅቱ ባለቤትነቱን በወረቀት አስይዞ ሲልክ፣ ወረቀቱ የሚሠራበት ምድር ድረስ ብቻ ነው የላከው። ስለዚህ ይከለክላል። ብዙ ሰው ክልከላውን የመንግሥታት ክፋት አድርጎ ያየዋል፤ እኔ እንደሚመስለኝ ከመንግሥታቱ ይልቅ ያጠረው የመድን ውሉ ነው።

መንገዱ ራሱ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይህን ጥያቄ ለማንሣት እንኳ አያስችልም ነበር። በኢትዮጵያ በኩል አስፋልቱ ሞያሌ ከደረሰ ብዙ ዓመታት ተቆጥረው ሳለ፣ ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ጠጠርና አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ሆኖ ኖረ። ከእ.ኤ.አ. 1963 እስከ 1967 በዘለቀው የሽፍታ ጦርነትና ከዚያም በኋላ በቀጠለው ዘረፋ ምክንያት መኪኖች በጠመንጃ ታጅበው በሰልፍ ይጓዙ ነበር። መንገደኛው የሚከራየው በከብት መኪና አናት ላይ ያለ ብረት ነው፤ ከሥሩ የሚሸጡ በሬዎች፣ ከላዩ ፀሐይ። ያን ጉዞ የተጓዘ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያወራዋል፤ ጨዋታው ሁልጊዜ የሚጀምረው ከጎማ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 የላሙ ወደብ ኮሪደር ሥራ በሦስት አገሮች መሪዎች ተጀመረ፤ የአፍሪካ ልማት ባንክና ሌሎች ያገዙት አስፋልት ደግሞ በቁራጭ በቁራጭ እየተሠራ እ.ኤ.አ. በ2016 እና 2017 ግድም ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። የትናንሽ ኪራይ መኪኖች ሞያሌ መታየት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የጋራውን የድንበር መፈተሻ ጣቢያ መረቁ። የሁለቱ አገሮች ሠራተኞች በአንድ ሕንጻ ተቀምጠው መንገደኛውን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያቆሙት የታሰበ ነው። ሰልፉን አሳጥሯል፤ የኪራይ ውሉን ግን አላረዘመም።

ሞያሌ ራሷ መልሷን ካገኘች ቆይታለች። በምዕራብ ኬንያ፣ በኡጋንዳ ድንበር ላይ፣ ሰዎችን ከኬላ ወደ ኬላ በብስክሌት የሚያመላልሱ ልጆች «ቦርደር፣ ቦርደር» እያሉ ሲጣሩ ቦዳ ቦዳ የሚለው ስም ወጣ፤ ዛሬ ሞተር ብስክሌቱ በመላው ምሥራቅ አፍሪካ የሚጠራው በዚያ ስም ነው። የድንበር ልጅ ስም ነውና በሞያሌ መንገድ ላይ ስንሰማው ባይተዋር አይመስለንም። በወዲህኛው ወገን ቦዳ ቦዳውና ፕሮቦክሱ፣ በወዲያኛው ወገን ባጃጁ አሉ። ሁሉም ከነሾፌራቸው የሚከራዩ፣ ሁሉም የየራሳቸውን ወገን ሕግ የሚያውቁ ናቸው። ኬላውን የሚሻገረው እግር ነው። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች በወታደሮች ጥይት ሲገደሉ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ኬንያ የተሻገሩት ፍራሽና ሕፃን ተሸክመው ነበር። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ሲልም በኬንያው ወገን ግጭት ሲነሣ ሕዝቡ በተቃራኒው አቅጣጫ እንዲሁ ተሻግሯል። ያን ጊዜ ስለ ካርኔም ሆነ ስለ ቢጫ ካርድ የጠየቀ አልነበረም።

ከውጭ የመጣው ልጅም በመጨረሻ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መኪናውን በኬንያው ወገን በዘመድ ግቢ፣ ከተቻለም ዘበኛ ባለበት ሆቴል ያቆማል፤ ፓስፖርቱን ያስመታል፤ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ቁልቁለቱን በእግሩ ይወርዳል። ከማዶ ባጃጁ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ በመንገዱ ቀኝ ጠርዝ ቆሞ ይጠብቀዋል።